«ሂሳብ ሠራተኛ አለን» ለሚልሽ ደንበኛ

የጠያቂዋ ደብዳቤ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። ዕድሜዬ 26 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአነስተኛ ድርጅቶች ፔይሮል (የሠራተኞች የደመወዝ ስሌትና ዝርዝር) በሚሠራ ድርጅት በሴልስ ከተቀጠርኩ አምስት ወር ሆነኝ። እስካሁን 63 ቦታ ገብቻለሁ፤ የፈረሙልኝ አራት ናቸው። የሚበዙት ‹ሂሳብ ሠራተኛ አለን› ይሉኛል። አንዳንዶቹ ‹ደመወዝ ሚስጥር ነው፣ ለውጭ ሰው አናሳይም› ይላሉ። ‹እስቲ አስበንበት እንደውልልሻለን› ያሉት አንድም ቀን አልደወሉም። ዋጋችን በአንድ ሠራተኛ 150 ብር ሆኖ ከ3,000 ብር በታች አንቀበልም፤ ይህም ተወደደ ይባላል። ከአራቱ አንዱ 19 ሠራተኛ ያለው ካፌ ነበር፣ በሁለተኛው ወር ተወን። የሼፉ ደመወዝ 10,000 ተብሎ የተሰጠንን አስገባን፤ በእጁ የደረሰው 7,650 ሆነ። ሼፉ ሥራ አቁሞ ወጣ፣ ባለቤቱም ደውለው ያልሆነ ነገር ተናገሩኝ። አለቃዬ በወር ስድስት ውል ይጠብቅብኛል፤ ኮሚሽኔ የሚከፈለኝ ውል ሲፈረም ነው። ልተወው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?»

ውድ እህታችን፣

ከካፌው እንጀምር። ሌሎቹ ጥያቄዎችሽ የሚፈቱት ከእሱ ተነሥተን ነው።

ባለቤቱና ሼፉ ሲስማሙ «አሥር ሺህ በእጅህ» ተባብለዋል። ምግብ ቤት፣ ጋራዥ ወይም የፀጉር ቤት ሊቀጠር የሄደ ሰው ቤቱ ይዞት የሚገባውን ነው የሚጠይቀው፤ ስለ ግሮስ፣ ማለትም ግብርና ጡረታ ስላልተቀነሰለት ያልተጣራ ደመወዝ፣ የሚያነሣ የለም። ለእናንተ በተሰጠው ወረቀት ላይ ግን የተጻፈው ቁጥሩ ብቻ ነው፣ «በእጅ» የሚለው ቃል ቀርቷል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የሥራ ግብር ሰንጠረዥ 10,000 ብር የሚያርፈው 25 በመቶ ላይ ነው። 2,500 ይመጣል፣ ከዚያ ላይ የእርከኑ ተቀናሽ 850 ይነሣለታል፣ የሥራ ግብሩ 1,650 ይሆናል። ጡረታው 7 በመቶ፣ 700 ብር። ቀሪው 7,650። ባለሙያችሁ አንድ ሳንቲም አልተሳሳተም። «ይህ ደመወዝ የተጣራ ነው ያልተጣራ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም፤ ያን መጠየቅ ደግሞ ውል ልታስፈርሚ የገባሽው የአንቺ ድርሻ ነበር።

ስሌቱን ራስሽ መሥራት ቻዪ፤ ባለቤት ፊት ቁጭ ብለሽ በስልክሽ ካልኩሌተር ስትሠሪው ከየትኛውም ብሮሹር ይበልጣል። በእጅ 10,000 እንዲደርስ ያልተጣራው በ30 በመቶ እርከን ውስጥ ይወድቃል። ከመቶ ብር 30 ለግብር፣ 7 ለጡረታ ሲወጣ 63 ይቀራል። የእርከኑ ተቀናሽ 1,350 ነው። ስለዚህ ከ10,000 ላይ 1,350 ታነሺና 8,650ን ለ0.63 ታካፍያለሽ፤ 13,730.16 ይመጣል። መልሰሽ ፈትሺው፦ ግብር 2,769.05፣ ጡረታ 961.11፣ ቀሪ 10,000። አሠሪው በራሱ በኩል 11 በመቶ ጡረታ ስለሚጨምር (1,510.32) ሼፉ ለካፌው በወር የሚያስወጣው 15,240.48 ብር ነው። ባለቤቱ ግን «አሥር ሺህ የምከፍለው ሼፍ» እያሉ ነው ሲያስቡ የኖሩት። ይህን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ባለቤት ወንበሩን ያስጠጋል።

ሌላም አለ። በቀድሞው ሰንጠረዥ ለዚሁ በእጅ 10,000 ያልተጣራው 14,655.17 ነበር፤ ከአሠሪው ጡረታ ጋር 16,267.24። ልዩነቱ በወር 1,026.76 ብር ነው፣ ለአንድ ሰው። ሂሳብ ሠራተኛው ሰንጠረዡን ብቻ ቀይሮ ያልተጣራውን እንደነበረ ትቶት ከሆነ ደግሞ የሠራተኛው እጅ 10,550 ገብቷል ማለት ነው። 550ው የማን ነው? መልሱ የቅጥር ውሉ ላይ ነው፤ በተጣራ የተፈረመና ባልተጣራ የተፈረመ ውል ለየቅል ናቸው። አንድ ነገር አደራ፦ «ያልተጣራውን ዝቅ ያድርጉት» ብለሽ አንቺ አትምከሪ። የተመዘገበ ደመወዝ መንካት ጡረታውንም ይነካል፣ ክርክርም ይወልዳል፤ ያ የጠበቃ ሥራ ነው። የአንቺ ድርሻ ልዩነቱ መኖሩን ማሳየት ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ሂሳብ ሠራተኛ አለን»። ይህ እምቢታ የሚመስልሽ አንቺ ስሌት ልትሸጪ ስለሄድሽ ነው። ስሌትማ አላቸው። ዓረፍተ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይደብቃል። ወይ ሰነድ የሚይዝላቸው፣ በወር አንድ ሁለቴ ብቅ የሚል፣ ሌሎች ድርጅቶችንም ጎን ለጎን የሚሠራ የውጭ አካውንታንት አለ፤ ወይ ካሸሯ ወይም ጸሐፊዋ ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ትቶት በሄደ ኤክሴል ላይ የስም ዝርዝሩን ብቻ እያደሰች ትሠራለች። ፎርሙላው ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም፤ እንዳይበላሽባትም አትነካውም።

ስለዚህ ስለ ድርጅትሽ ከማውራትሽ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቂ። «ጋሼ፣ ፔይሮሉን በእጁ የሚሠራው ማነው?» «እሱ ቢታመም ወይም የዓመት ፈቃድ ቢወጣ ያን ወር ማን ይሠራዋል?» «የሥራ ግብሩና ጡረታው ዲክሌር የሚደረገው ወሩ ካለቀ በስንተኛው ቀን ነው?» ሦስተኛውን ባለቤቶች ብዙ ጊዜ አይመልሱትም፤ ሰው ይጠራሉ። የተጠራው ሰው ነው ዋናው ሰውሽ። ሕጉ ለዲክሌሩ፣ ማለትም ለገቢዎች ለማሳወቅ፣ የሚሰጠው ጊዜ ወሩ ካለቀ 30 ቀን ነው፤ ብዙው ሰው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው የሚሯሯጠው። ኔትወርክ የሚጠፋውም፣ የአንዱ አዲስ ሠራተኛ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አለመውጣቱ የሚታወቀውም ያኔ ነው።

አካውንታንቱን አትሽሺው፤ በእሱ ላይም አትሽጪ። ለእሱ ፔይሮል ከሥራው ሁሉ ስልክ የሚበዛበትና ክፍያው የሚያንሰው ነው። «እኛ ፔይሮሉን እንሠራለን፣ እርስዎ ያጸድቃሉ፣ በየወሩ ለመዝገብ የሚሆን ማጠቃለያ እንልካለን» በዪው። ለባለቤቱም እሱ በሰማበት «የአካውንታንትዎ ክፍያ እንዲቀነስ አንጠይቅም» በዪ። ይህች አንዲት ቃል ብዙ በር ትከፍታለች። በድብቅ ኮሚሽን ልትሰጪው ግን አትሞክሪ። ባለቤቱ የሰማ ዕለት ሁለታችሁም ትወጣላችሁ፤ የሚሰማውም እሱ ራሱ ሲያኮርፍ ነው። የማገናኛ ክፍያ ካለ በወረቀት ይሁን፣ ባለቤቱ ይወቀው፤ ካልሆነ ይቅር።

እነዚህ ሁሉ ወደ አንድ ነገር የሚያደርሱሽ ናቸው፦ ያለፈውን ወር ፔይሮል ማየት። እስከ ዛሬ በ63ቱ ቦታ የጎደለው ይህ ይመስለናል። ማቅረቢያሽን ሰምተው «እናስብበት» የሚሉ ሰዎች የሚያስቡበት ነገር የላቸውም። የራሳቸውን ፔይሮል ግን ያስባሉ። «የአንድ ወር ብቻ፣ ስሙን በወረቀት ሸፍነው ኮፒ ያድርጉልኝ፤ በሦስተኛው ቀን ያገኘሁትን በአንድ ገጽ ይዤ እመጣለሁ፣ አያስከፍልም» በዪ። ስም የሌለበት ፔይሮል ለመስጠት የሚፈራ ጥቂት ነው።

ምን ትፈልጊበታለሽ? መጀመሪያ ሰንጠረዡን። የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ 1395/2017 ከጸና በኋላ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፤ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ (ተቀናሽ 300)፣ እስከ 7,000 ድረስ 20 በመቶ (500)፣ እስከ 10,000 ድረስ 25 በመቶ (850)፣ እስከ 14,000 ድረስ 30 በመቶ (1,350)፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ (2,050)። አንድ ረድፍ ላይ 8,000 ብር ፈልጊ። ግብሩ 1,150 ከሆነ ደህና ነው። 1,445 ከሆነ አሮጌው ፎርሙላ ሳይነካ ቀርቷል፤ ሠራተኛው በየወሩ 295 ብር ያለአግባብ ተቆርጦበታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ጡረታው በምን ላይ እንደተሰላ እዪ። መሠረቱ መነሻ ደመወዙ ነው፤ አበልና ትርፍ ሰዓት አይገባበትም። መነሻው 8,000 ሆኖ 1,500 የቤት አበል ያለው ሰው ከራሱ የሚቆረጠው 560 ነው፤ 665 ካየሽ ከድምሩ ላይ ሰልተውታል። አሠሪውም በራሱ በኩል 165 ብር ትርፍ እየከፈለ ነው። ተቃራኒውም ይገጥምሻል፦ ከተጣራው ላይ አስልተው የሚያሳንሱ አሉ።

ትርፍ ሰዓት ላይ የድሮው ሕግ እስከ ዛሬ በየኤክሴሉ ይኖራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ይላል። ብዙ ፎርሙላ ላይ ግን ከዚያ በፊት የነበረው 1.25 ተቀምጦ ታገኛለሽ። የ8,000 ብር ሠራተኛ የሰዓት ክፍያ በሳምንት 48 ሰዓት ሲሰላ (በወር 208 ሰዓት) 38.46 ነው። አሥር የቀን ትርፍ ሰዓት ከሠራ 576.92 ይገባዋል፤ በ1.25 ግን 480.77 ነው የሚያገኘው። 96 ብር ለአንድ ሰው ለአንድ ወር ምንም ነው። ተጣልቶ የወጣ አስተናጋጅ የተጠራቀመውን ደምሮ ሥራ ክርክር ሲሄድ ነው የሚከብደው። ለ30 ቀን በስምንት ሰዓት፣ ማለትም ለ240፣ የሚያካፍሉም አሉ፤ እሱም የሰዓቱን ዋጋ ያወርደዋል።

የቀሩትን በፍጥነት እዪያቸው። ቅጣት፣ ብድርና ጉድለት ተደምረው ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ ያለፉበት ሰው አለ? የትራንስፖርት አበል በመመሪያው ጣሪያ ልክ ነው ወይስ ሙሉው ነፃ ተደርጓል? የወጪ መጋራት የሚቆረጥባቸው ተመራቂዎች ዝርዝር ውስጥ አሉ? የለቀቀ ሰው ሂሳቡ መቼ ተዘጋለት? ሕጉ የሚለው ከለቀቀበት በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ነው፤ «በሚቀጥለው ፔይሮል ይውሰድ» የሚለው ልማድ ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ያገኘሽውን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ከሦስት ነጥብ ሳታስበልጪ ጻፊ። ስድስት ስሕተት ብታገኚም የከበዱትን ሦስት ምረጪ። ገጹን ባለቤቱ ጋ ከመውሰድሽ በፊት ለሠራው ሰው አሳዪው። አካውንታንትን ቀጣሪው ፊት ያዋረደ ሻጭ ውል ቢያገኝ እንኳ ውሉ ዕድሜ የለውም፤ መረጃ የሚልክልሽ ያው ሰው ነውና። ምንም ስሕተት ካላገኘሽ «ልክ ነው፣ በርቱ» ብለሽ ሂጂ። እንዲህ ያለ ቤት ለጊዜው ደንበኛሽ አይደለም፤ ግን አንድ ቀን ያ ሂሳብ ሠራተኛ ሌላ ቦታ ይቀጠርና ስልክሽን ይፈልጋል።

«ደመወዝ ሚስጥር ነው» የሚሉሽ ትክክል ናቸው፤ አትከራከሪያቸው። «አሁን ስንት ሰው ያየዋል?» ብለሽ ጠይቂና አብራችሁ ቁጠሩ። ካሸሯ፣ አካውንታንቱ፣ የአካውንታንቱ ረዳት፣ ወረቀቱን ባንክ የሚያደርሰው ተላላኪ። ያልተቆለፈ ኤክሴል በቴሌግራም ከተላከ ደግሞ ስልኩን ያነሣ ሁሉ። ከዚያ የእናንተን አሠራር ንገሪያቸው፦ ፋይሉ በይለፍ ቃል እንደሚቆለፍ፣ የይለፍ ቃሉ በሌላ መንገድ እንደሚላክ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ብቻ እንደሚያይ። ግን እናንተስ እንዲህ ታደርጋላችሁ? የእናንተም ቢሮ በቴሌግራም የሚልክ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ (1321/2016) ከወጣ በኋላ ይህ የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ከሚስጥሩ ጀርባ አንዳንዴ ሌላ ነገር አለ፤ ሁለት ፔይሮል። አንዱ ለገቢዎች፣ አንዱ ለእውነት። 6,000 ተመዝግቦ 9,000 ተጨማሪ በፖስታ የሚሰጥበት ቤት ገብተሽ ይሆናል። «ለእኛ የሚሰጠን አንድ ፔይሮል ብቻ ነው፤ የተከፈለውን በሙሉ ካልያዘ አንሠራውም» በዪና ዝም በዪ። የሚቀረውን በፖስታ እንዴት እንደሚያስኬዱት አትምከሪ፣ አትስሚ፣ ሰነዱም ኢሜይልሽ ውስጥ አይግባ። ሠራተኛው የሚጎዳው በጡረታው ነው፤ ጡረታ የሚሰላው በተመዘገበው ደመወዝ ነውና። ያን ውል ብታጪው ይሻላል።

ዋጋ ላይ፣ ችግሩ ቁጥሩ አይመስለንም፤ የምትገቢባቸው ቤቶች መጠን ነው። 150 ብር በሰው ሆኖ መነሻው 3,000 ከሆነ ሁለቱ የሚገናኙት 20 ሠራተኛ ላይ ነው። 12 ሠራተኛ ላለው ድርጅት በሰው 250 ይሆንበታል፣ 8 ላለው 375። ስምንት ሰው ያለው ሱቅ «ተወደደ» ሲልሽ እውነቱን ነው። ከ12 በታች በራስሽ ጊዜ አትሂጂ፤ ከ20 እስከ 60 ያሉት ላይ አተኩሪ። ከስልሳ በላይ ሲሆን የራሳቸው የሰው ኃይልና የፋይናንስ ክፍል ስለሚኖር ንግግሩ ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ቫት። 22 ሠራተኛ ላለው ቤት 3,300 ብለሽ ተናግረሽ ደረሰኝ ላይ 3,795 ሲመጣ የተታለለ ይመስለዋል። በተለይ የግል ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አገልግሎታቸው ከቫት ነፃ ስለሆነ የከፈሉትን 15 በመቶ ማካካስ አይችሉም፤ ለእነሱ 495ቱ እውነተኛ ወጪ ነው። ሁልጊዜ ከነቫቱ ተናገሪ።

የትኞቹ ዘርፎች? ምግብ ቤትና ካፌ ትርፍ ሰዓቱና የሰው መለዋወጡ ብዙ ስለሆነ ያስፈልጋቸዋል፤ ግን ሥራው ከክፍያው ይበልጣል፣ መረጃም ያዘገያሉ። የግል ትምህርት ቤቶች እንመርጥልሻለን፦ የሰው ቁጥራቸው የተረጋጋ ነው፣ ርእሰ መምህሩ ሰነድ ያውቃል፣ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። ክሊኒኮችም ጥሩ ናቸው፤ ብቻ በትርፍ ጊዜያቸው መጥተው የሚሠሩት ሐኪሞች በቅጥር ነው ወይስ በአገልግሎት ውል የሚለውን ገና ከመጀመሪያው አጣሪ። የጥበቃ ሠራተኞች ፈረቃ 24 በ24 የሆነበት ቤት ሰዓቱ 48ን አልፎ እንደሚሄድ አስታውሺ፤ በመጀመሪያው ቀን ግን አታንሺባቸው፣ ይደነግጣሉ።

ከወሩ 25 በኋላ ሰው ቢሮ አትሂጂ። ደመወዝ እየተሠራ ነው፣ ያለፈው ወር ዲክሌርም እየተዘጋ ነው፤ ሻጭ ማየት የሚፈልግ የለም። ከ2 እስከ 10 ያሉት ቀናት ያንቺ ናቸው። ድካሙ ገና ከሰውነታቸው አልወጣም፣ እጃቸው ግን ነፃ ነው። «ዓመቱ ይለቅ፣ ሐምሌ ላይ እንጀምራለን» ለሚልሽም መልስ አለሽ፦ የእኛ አገር የሥራ ግብር በየወሩ ለብቻው ስለሚሰላ የትኛውም ወር ላይ መጀመር ይቻላል፣ ካለፉት ወራት የሚጎተት ድምር የለም።

ውል ከተፈረመ በኋላ ያለው ያንቺ ሥራ አይደለም ተብሎ ከሆነ የነገሩሽ፣ ካፌው ያስተማረሽ ተቃራኒውን ነው። ከፊርማ በፊት አንድ ቅጽ ሙዪ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፦ ሙሉ ስም እንደ መታወቂያው፣ ቲን፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ፣ የተቀጠረበት ቀን፣ መነሻ ደመወዝ፣ አበል በየዓይነቱ፣ ብድር፣ የቀረው የዓመት ፈቃድ፣ እና በቀይ የተሰመረ አንድ ሳጥን፦ የተጣራ ወይስ ያልተጣራ። የስም አጻጻፉን በእንግሊዝኛ ፊደል ባንክ ካለው ጋር አስተያዪ። «ኃይለማርያም» ባንክ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ቲን ላይ በሌላ ከተጻፈ ክፍያው ሊመለስ ይችላል፤ ደመወዙ ያልገባለት ሰው የሚደውለው ደግሞ ለአለቃው ነው።

የመጀመሪያውን ወር ሁለት ጊዜ አሠሩ። እነሱ እንደ ልማዳቸው ይሥሩ፣ እናንተም ሥሩ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከአንድ ብር በላይ ልዩነት ያለበትን ረድፍ ሁሉ ምክንያቱን ጻፉ። የሚከፈለው የእነሱ ነው። ካፌው ላይ ይህ ተደርጎ ቢሆን የሼፉ 2,350 ብር ልዩነት ማንም ሳይጎዳ ወረቀት ላይ ይታይ ነበር። አለቃሽ «የአንድ ወር ክፍያ እናጣለን» ካለ፣ አዎ፣ ያጣል። ካፌው ያሳጣው ግን ከዚያ ይበልጣል።

ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር በግልጽ ይኑር። ለውጥ የሚቀበሉት እስከ ወሩ 22 ብቻ ነው፤ በ27 «አንድ ሰው ጨምሩ» የሚባለው ነው ፔይሮል የሚያበላሸው። የሚያጸድቅ አንድ ሰው በስም ይታወቅ። ገንዘቡ በእናንተ ሂሳብ አያልፍም፤ እናንተ ታዘጋጃላችሁ፣ ባለቤቱ ይልካል። «ብራችሁን አንነካም» ማለት ለሽያጭም ይጠቅምሻል። «ከእንግዲህ ቅጣት የሚባል የለም» ብለሽ ግን ቃል አትግቢ። ገቢዎች ፊት ተጠያቂው ምንጊዜም አሠሪው ነው። ማለት የምትችዪው ይህን ነው፦ በእኛ ስሕተት የመጣውን ቅጣት እኛ እንከፍላለን፣ መረጃ ዘግይቶ የመጣውን እናንተ። ይህንንም ድርጅትሽ በጽሑፍ ከተስማማ ብቻ።

ልተወው ወይ ላልሽው፣ አሁን አትተይው፤ ግን ከአለቃሽ ጋር ሁለት ነገር ተነጋገሪ። 63 ገብተሽ 4 ማስፈረምሽ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከ63ቱ ስንቱ ጋ ባለቤቱን አገኘሽ? ስንቱ ፔይሮል አሳየሽ? ይህን በየሳምንቱ ጻፊና «ታርጌቱ የታዩ ፔይሮሎች ቁጥር ይሁን፣ በወር 12» ብለሽ ጠይቂው። ሁለተኛ፣ ኮሚሽንሽ ግማሹ ሲፈረም፣ ግማሹ ሦስተኛው ፔይሮል ከተከፈለ በኋላ እንዲሆን ራስሽ አንሺለት። ለጊዜው ኪስሽን ይጎዳል። ግን ያኔ ካፌ ዓይነት ውል ማስፈረም አንቺም አትፈልጊም፣ እሱም አይገፋፋሽም። ሁለቱንም እምቢ ካለና በወር ስድስት ብቻ ካለሽ፣ ያኔ ሌላ ቦታ መፈለግ ነውር የለውም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ወደ ካፌው ተመለሺ። ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን ግድም፣ ጠዋት ከሻይ ሰዓት በፊት፣ ደንበኛ ሳይበዛ። ይዘሽ የምትሄጂው ለሼፉ 2,350 ብር፣ ለሥራ ግብር ተጨማሪ 1,119.05፣ ለጡረታ የሁለቱም ወገን ተጨማሪ 671.43፣ በድምሩ 4,140.48 ብር መሆኑን የሚያሳይ አንድ ገጽና የተስተካከለው ዲክሌር እንዴት እንደሚቀርብ ነው። ማስተካከያውን ድርጅትሽ በነፃ እንደሚሠራ አስቀድመሽ አስፈቅጂ። ውል አትጠይቂ፣ ብሮሹርም አትያዢ። ወረቀቱን ለባለቤቱ ስጪና የቀሩት 18 ሠራተኞች የተስማሙት በእጅ ነው ወይስ ባልተጣራ ብለሽ ጠይቂያቸው።